«አንደኛ ማዕረግ ካልሆነ አልሄድም» እና ሌሎች ስለ ስሪላንካ ባቡር የሰለቹኝ ወሬዎች

ዱባይ፣ ዴራ፣ አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ባብዛኛው የኛው ሰዎች ናቸው። እዚሁ ሠርተው የሚኖሩ፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ እናትና አባቶች፣ አዲስ ሙሽሮች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ነገር ተደጋገመብኝ። ሰው ገባ ይልና ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን ይዘረጋልኛል። ስልኩ ላይ ሰማያዊ ባቡር አለ። አረንጓዴ የሻይ ተራራ አለ። በሩ ላይ የተንጠለጠለች፣ ፀጉሯን ነፋስ የሚበትነው ልጅም አለች። «ይሄን ነው የምፈልገው» ይለኛል።

እሺ። ስሪላንካ ነው። ከካንዲ ወደ ኤላ የሚሄደው ባቡር ነው። እስከዚህ ሰላም ነን። ከዚያ በኋላ ግን የሰማኋቸው ነገሮች በየተራ መምጣት ይጀምራሉ፣ በየተራ እመልሳለሁ፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይመጣና እንደገና ከሀ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ በባቡር ዞሬያለሁ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ስሪላንካ? የሠራተኛ አገር አይደለችም እንዴ?»

ይሄን የሚሉኝ ገልፍ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ አብረዋቸው በየቤቱ የሠሩት ስሪላንካዊያት ስለሆኑ፣ አገሪቷም ከዚያ ውጪ ሌላ ነገር ያላት አይመስላቸውም። ስለ እኛም እኮ እንዲሁ ነው የሚሉት! ለነገሩ የአዱሊስ ነጋዴዎች ደሴቲቱን በደንብ ያውቋት ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ግሪካዊው ኮስማስ፣ ከኛ ወደብ ተነስተው ታፕሮባኔ ስለሚደርሱ ነጋዴዎች ጽፏል። ታፕሮባኔ ማለት ስሪላንካ ናት።

«ለቱሪስት የተሠራች የመዝናኛ ባቡር ናት»

አይደለችም። የመንግሥት ባቡር ነው። የባዱላ ሰው (ከኤላ አልፎ የመስመሩ መጨረሻ ናት) ኮሎምቦ ለሕክምና የሚሄድበት፣ ተማሪው ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ጆንያ የሚጫንበት። እርግጥ ነው ቱሪስቱ ሲበዛ ኤላ ኦዲሲን የመሰሉ፣ ፎቶ ማንሻ ቦታ ላይ ቆም የሚሉ ባቡሮች ጨምረዋል። ዋናው ግን የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ይሄን ያልተረዳ ሰው መስተንግዶ ጠብቆ ይሄድና ተናዶ ይመለሳል።

«ናት» የምትለዋም ታስቀኛለች። ትንሽ የአሻንጉሊት ባቡር አድርገው ነው የሚያስቧት። የስሪላንካ ሀዲድ ስፋቱ 1,676 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም ላይ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ካሉት ሁሉ ሰፊው ይሄ ነው። የድሬዳዋ ሰው ሸመንደፈር የሚለው የድሮው ባቡራችን ሀዲድ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ ደግሞ 1,435 ነው። ስለዚህ እባካችሁ።

«እንግሊዞች ለሻይ ብለው የሠሩት ነው»

ይሄኛው ስህተት ያናድደኛል። ምክንያቱም እውነቱ የኛ ታሪክ አለበት።

ባቡሩ የተሠራው ለቡና ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሎን፣ ማለትም የያኔዋ ስሪላንካ፣ ከዓለም ትልልቅ ቡና አምራቾች አንዷ ነበረች። ቡናው ደግሞ አረቢካ ነው፣ ዘሩ ከኛ ጫካ የወጣ። ከካንዲ ተራራ እስከ ኮሎምቦ ወደብ በበሬ ጋሪ ማውረድ ቀናት ይፈጅ ነበር። የእርሻ ባለቤቶቹ ባቡር ይሠራልን ብለው ወጠሩ። የመጀመሪያው ባቡር በ1864 መጨረሻ ከኮሎምቦ ተነስቶ አምቤፑሳ ደረሰ። በ1867 ሀዲዱ ካንዲ ገባ።

በሁለት ዓመቱ፣ በ1869፣ የቡና ዝገት የሚባለው የቅጠል በሽታ ታየ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ይነሰንሳል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዛፉ ያልቃል። በሃያ ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ የቡና እርሻ ወና ቀረ። ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ ግን ባቡሩ ካንዲ በገባበት በዚያው በ1867 ሉሌኮንዴራ በሚባል ቦታ 19 ኤከር ሻይ ተክሎ ነበር። ቡናው ሲሞት ሁሉም ወደ ሻይ ዞረ። ባቡሩም ተራራውን መውጣቱን ቀጠለ። ናኑ ኦያ በ1885፣ ባንዳራዌላ በ1894፣ ባዱላ በ1924።

ስለዚህ በፎቶው ላይ የምታዩት አረንጓዴ ሁሉ ቡና የነበረ፣ አለበለዚያም ጫካ የነበረ ነው። ሻይ የሚለቅሙት እናቶች አብዛኞቹ አያቶቻቸው ከደቡብ ሕንድ ለእርሻው ሥራ የመጡ ታሚሎች ናቸው። ብዙዎቹ እንግሊዞች በሠሯቸው በረድፍ የተደረደሩ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ይኖራሉ። ይሄን የምለው ጉዞውን ላጨልምባችሁ አይደለም። ካሜራ ፊታቸው ላይ ከመደቀናችሁ በፊት እንድታውቁት ነው።

«አንደኛ ማዕረግ ካልሆነ አልሄድም»

ወደ ዋናው ደረስን። ቢሮዬ ውስጥ በቀን አንዴ ካልሰማሁት የጎደለኝ የሚመስለኝ አረፍተ ነገር ይሄ ነው።

ሒሳቡ ይገባኛል። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ያጠራቀመውን ይዞ ነው የሚሄደው። ለራሱ ጥሩ ነገር ይፈልጋል። ጥሩ ማለት ውድ ማለት ነው። አውሮፕላን ላይ እውነት ነው፣ ሆቴል ላይም አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የካንዲ–ኤላ ባቡር ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኔም ተሸውጄበታለሁ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ፣ ያውም የዚህ ሥራ ሰው ሆኜ፣ አንደኛ ማዕረግ ቆረጥኩ።

የአንደኛ ማዕረጉ ፉርጎ ኤሲ አለው። ኤሲ ስላለው መስኮቱ አይከፈትም። መስኮቱ ስለማይከፈት የምታየው ተራራውን ሳይሆን መስታወቱን ነው። የእጅ አሻራ፣ ጭረት፣ የውጭው ጭቃ፣ ከማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ቢጫ ሸሚዝ። ካንዲን ለቀን ሁለት ሰዓት ሳንሄድ ጣቶቼ ደነዘዙ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ፈረንጆች እንቅልፍ ጣላቸው። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሰው ቪዲዮ እንደማይ ሆንኩ።

ናኑ ኦያ ላይ ብዙ ቱሪስት ይወርዳል። ቦርሳዬን ይዤ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩና ሦስተኛ ማዕረግ ገባሁ። ቲኬት ተቆጣጣሪው አይቶኝ ሳቀ። ከላይ ወደ ታች ስለሆነ የቀየርኩት ምን ይለኛል?

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከናኑ ኦያ በኋላ ሀዲዱ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ ትንሽ የናፍጣ ጭስ። ዓይኔን ጨፍኜ እንጦጦ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም። አንደኛ ማዕረግ ውስጥ ይሄ ሽታ አልነበረም። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነበር፣ ከመስታወቱ ውጪ።

ቀጥሎ ድምፁ። «ወዴ፣ ወዴ፣ ወዴ!» እያለ አንድ ሰው ቅርጫት ተሸክሞ በተጨናነቀው መተላለፊያ ይሾልካል። ወዴ የተፈጨ ምስር በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ፣ ጠፍጠፍ ተደርጎ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነው። ላዩ ላይ ሙሉ ሽሪምፕ ያለውም አለ፣ ኢሶ ወዴ ይሉታል። ጾመኛ ከሆናችሁ የምስሩን ጠይቁ፣ ፓሪፑ ወዴ በሉ። ሰውየው ሁለት አነሳና ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዘይቱ ወረቀቱን ሲያሳልፈው ጽሑፉ ወጣ። የማባዛት ሒሳብ ነው። ልጁ ከአሥሩ ስድስቱን አግኝቷል፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ክብ አድርገውበታል። አራተኛው ላይ አንድ ይዞ መደመር ረስቷል። ወዴዬን እየበላሁ አረምኩለት።

ደግሞ ይሄ አለ። ተራራው ላይ ሀዲዱ ነጠላ ነው፣ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ መላ ያስፈልጋል። በየጣቢያው የጣቢያው ሰው አንድ ትልቅ የሽቦ ቀለበት ይዞ ይቆማል። ቀለበቱ ላይ የቆዳ ኪስ አለ፣ ኪሱ ውስጥ አንድ የብረት ምልክት። ያንን ምልክት ያልያዘ ነጂ ወደሚቀጥለው ጣቢያ መሄድ አይፈቀድለትም። ምልክቱ የሚወጣበት ማሽን ደግሞ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል የተያያዘ ስለሆነ ሁለተኛ ምልክት አያወጣም። ነጂው የያዘውን ይወረውራል፣ አዲሱን ክንዱን አውጥቶ ይቀበላል። ከእንግሊዝ ጊዜ የመጣ አሠራር ነው። መስኮቱ ክፍት ከሆነና ራስሽን ትንሽ ካወጣሽ ቅብብሉ ይታያል። አንደኛ ማዕረግ ውስጥ ስሆን በስንት ጣቢያ እንዳመለጠኝ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጃቸው የሁለቱን ወላጆቿን ጉዞ ልትከፍል ይዛቸው መጣች። ሁለተኛ ማዕረግ ልቁረጥላችሁ ስል ጋሼ ተቆጡ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ ማዕረግ? ዘመድ ቢሰማ ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ ዘመድ እዚያ የለም። እርስዎ ግን ተራራውን ያዩታል» አልኳቸው።

«ልጄ ከከፈለች ሙሉውን ትክፈል» አሉ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ አንደኛ ማዕረግ ቆረጥኩ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ጋሼ ጉንፋን ይዟቸዋል። «ልጄ» አሉኝ፣ «የላክሽን እኮ ፍሪጅ ውስጥ ነው።» ስልካቸውን ሰጡኝ፣ ፎቶዎቹን አየሁ። በእያንዳንዱ የሻይ ተራራ ላይ የጋሼ ራሰ በራ ተለጥፏል። መስታወቱ ነው የመለሰው። አንዱ ላይ ፏፏቴው ልክ ከጆሯቸው ይወርዳል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ለተራራው ሁለተኛ ማዕረግ፣ መቀመጫው የተያዘ። መስኮቱ ይከፈታል፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለ፣ ወንበርህን ማንም አይወስድብህም። ቀጥሎ ሦስተኛ ማዕረግ፣ እሱም መቀመጫው የተያዘ። ልዩነታቸው የስፖንጅ ጉዳይ ነው። አንደኛ ማዕረግ በፍጹም አትያዙ እያልኩ ግን አይደለም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጃፍና የምትሄዱ ከሆነ ያዙ። እዚያ አገሩ ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። ኤሲ ለዚያ ነው የተፈጠረው።

«ቲኬት አልቋል ተባልን፣ በቃ ቀረ»

ያለቀው መቀመጫው የተያዘው ነው። እሱ ከጉዞው 30 ቀን በፊት ለሽያጭ ይወጣል፣ ለካንዲ–ኤላ ደግሞ እንደወጣ ይጠፋል። ግን አብዛኞቹ ባቡሮች መቀመጫ ያልተያዘበት ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ አላቸው። ቲኬቱ በዕለቱ ጣቢያው መስኮት ላይ ይሸጣል። ለሦስተኛ ማዕረግ የምትከፍሉት እዚህ ዱባይ ለአንድ ማኪያቶ ከምትከፍሉት ያንሳል። ጣጣው መቀመጫ ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው። ፉርጎው ሁሉ በቅድሚያ የሚያዝባቸው ባቡሮችም አሉ፣ መስኮቱ ላይ ጠይቁ።

ሦስት ዘዴ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አቅጣጫውን ገልብጡት። ሁሉም ከካንዲ ወደ ኤላ ይሄዳል። እናንተ ከባዱላ ወይም ከኤላ ወደ ታች ኑ። መልክዓ ምድሩ እንደሆነ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ባቡሩ ከሚነሳበት ጣቢያ ተሳፈሩ። መሀል ላይ መግባት ግፊያ ነው። ሦስተኛ፣ ሙሉውን ካልሄድኩ አትበሉ። ከካንዲ ኤላ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዴም በላይ። ከሃቶን እስከ ሃፑታሌ ያለውን ብቻ ብትይዙ የጉዞውን ልብ አገኛችሁት። ናኑ ኦያ ላይ የሚወርደው ብዙ ስለሆነ ቆማችሁ ከሄዳችሁም ከዚያ በኋላ ትቀመጣላችሁ።

አንድ ጊዜ ጫጉላ ላይ የነበሩ ልጆች ካንዲ ጣቢያ ቆመው ደወሉልኝ። ባቡሩ ቀረ አሉኝ። ባቡሩ አልቀረም። ከኮሎምቦ ወደ ባዱላ የሚሄዱ ባቡሮች ሁሉ ካንዲ አይገቡም፣ አንዳንዶቹ ከካንዲ በታች ካለችው ከፔራዴኒያ መገንጠያ ታጥፈው ይሄዳሉ። ልጆቹ ቲኬቱን በቀጥታ ራሳቸው ነበር የቆረጡት። ፔራዴኒያ በባጃጅ ቅርብ ነው፣ ግን ባቡሩ አይጠብቅም።

«በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ካልተነሳሁ ምኑን ሄድኩት»

ሰው ሞቷል። ቱሪስቶች። የባዱላ መስመር ዋሻዎች ከ40 በላይ ናቸው፣ በዋሻና በዋሻ መካከል ደግሞ ቋጥኙ ከባቡሩ በክንድ ርቀት ያልፋል። ፎቶ የምታነሳሽ ጓደኛሽ ወደ ኋላ ነው የምታየው፣ አንቺም ወደ እሷ ነው የምታዪው። ከፊት የሚመጣውን ማን ያያል? በሩ ላይ መቆም አገሬውም ይቆማል። ብረቱን ይዘሽ፣ ገላሽ ከውስጥ ሆኖ ቁሚ። ፀጉርሽን ነፋሱ ራሱ ያወጣልሻል።

«የሐሩር ደሴት ናት፣ ጃኬት ምን ያደርጋል»

ኮሎምቦ ላይ ልክ ናችሁ። ባቡሩ ግን ከባሕር ወለል ተነስቶ ፓቲፖላ ጣቢያ አጠገብ 1,898 ሜትር ይደርሳል። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ ይንቀዋል፣ እኛ ከዚያ በላይ ነው የምንኖረው ይላል። አዲስ አበባስ ቢሆን ያለ ሹራብ ትወጣለህ እንዴ? የተራራዋ ከተማ ኑዋራ ኤሊያ ጥርና የካቲት ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የዱባይ ቲሸርት ለብሳችሁ ሂዱና ንገሩኝ።

በነገራችን ላይ ኑዋራ ኤሊያ ባቡር አይገባም። ናኑ ኦያ ወርዳችሁ በመኪና ነው።

ዝናቡም አንድ ዓይነት አይደለም። ደቡብ ምዕራቡና ተራራው ከግንቦት እስከ መስከረም ዋና ዝናባቸው ነው። ሰሜኑና ምሥራቁ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የትም ሊዘንብ ይችላል። ለተራራው ባቡር ከጥር እስከ መጋቢት ነው የምመክረው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ናዳ ሀዲዱን ይዘጋል። በኅዳር 2025 መጨረሻ ደሴቲቱን የመታው ዲትዋ የተባለው አውሎ ነፋስ የተራራውን መስመር ክፉኛ ጎድቶታል። የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ሳትጠይቁ ሆቴል አትክፈሉ።

«ኤላን ካየን ባቡሩን ጨረስን»

አልጨረሳችሁም። ኤላ ራሷ ላይ እንኳ የሚያዩት ግማሹን ነው። ሁሉም ወደ ዘጠኙ ቅስት ድልድይ ይሮጣል። ይገባዋል፣ ያምራል። በ1921 ያለቀ፣ 91 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሜትር ከፍታ። ብረት የለበትም፣ ድንጋይና ጡብና ሲሚንቶ ነው። «ያለ ብረት እንዴት ቆመ» ብሎ የሚደነቅ ሀበሻ ሳይ ይገርመኛል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በምን የቆመ መሰላችሁ? ቅስት ድንጋዩ እርስ በርሱ እየተጫነ ነው የሚቆመው።

ከድልድዩ አለፍ ብሎ ያለውን የደሞዳራን ጥምዝ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ባቡሩ ደሞዳራ ጣቢያ ይቆማል። ተነስቶ ኮረብታውን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ዋሻ ውስጥ ገብቶ አሁን በቆመበት ጣቢያ ሥር ያልፋል። ቁልቁለቱ ለባቡር ስለሚከብድ ነው እንዲህ ያዞሩት። ከኤላ ባዱላ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኤላ ላይ የወረደ ሰው ይሄ አያገኘውም።

ከተራራው ውጪ ደግሞ የባሕሩ መስመር አለ። ከኮሎምቦ ወደ ጎልና ማታራ። ሀዲዱ አንዳንድ ቦታ ለማዕበሉ በጣም ከመቅረቡ የተነሳ ጠብታው ፊት ላይ ይመጣል። ወደ ጎል ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። መንገድ ላይ ፔራሊያ የምትባል ቦታ ታልፋላችሁ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚው ሲመጣ ሰው የሞላ ባቡር እዚያ ቆሞ ነበር። ከ1,700 ያላነሰ ሰው አለቀ። በዓለም የባቡር ታሪክ ትልቁ አደጋ ነው። የመታሰቢያ ሐውልቱ ከባቡሩ ይታያል። እኔ ባለፍኩ ጊዜ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

የጃፍናውም ሌላ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ የተነሳ በ1990 ጃፍና ባቡር ቀረባት። ተመልሶ የገባው በጥቅምት 2014 ነው። ሃያ አራት ዓመት! ለገሃርን ያየ ሰው ባቡር ለቀረበት ጣቢያ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የቀሩትን በፍጥነት

«ባቡር ሁሉም ቦታ ያደርሳል።» አያደርስም። ሲጊሪያ ባቡር የለውም፣ ያላ ፓርክም የለውም።

«ከሕንድ በባቡር ይገባል።» በፊት ሰው በባቡር ባሕሩ ድረስ መጥቶ በጀልባ ይሻገርና ወደ ሌላ ባቡር ይገባ ነበር። በ1964 የሕንዱን በኩል ዳኑሽኮዲን አውሎ ነፋስ ጠራርጎ ወሰደው።

«ቋንቋ ይቸግረናል።» የየጣቢያው ሰሌዳ በሲንሃላ፣ በታሚልና በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው።

«ሰዓቱ ላይ ስህተት አለ።» የለም። አንዲት ደንበኛዬ ቲኬቷ ላይ 8፡30 ይላል ብላ ምሳዋን በልታ፣ ተዝናንታ ጣቢያ ደረሰች። ባቡሩ ከጠዋቱ 2፡30 ሄዷል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ የምትመጡ ይሄን አስምሩበት።

«ከወረድን በኋላ ቲኬቱ ምን ይሠራል?» ስትወጡ በሩ ላይ ይቀበሏችኋል። ባለፈው ጉዞዬ ሃፑታሌ ወርጄ ኪሴን ስፈትሽ የወዴ ወረቀት ብቻ አገኘሁ። ቲኬቴን ነበር በመስኮት የጣልኩት። የጣቢያው ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠ፣ የዚህኛውን ልጅ ማርክ አየና «ዘጠኝ ከአሥር፣ ጎበዝ» ብሎ ቅጣቱን አስከፈለኝ።